እርሳስ ያለበት ቀንዲል

«እርሳስ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ተማሪ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ ማዕድኑን፣ ጥይት የሚሠራበትን ነው። የእናቴ ስለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቀረው በዚህ ቃል ነው። ቃሉን ያመጣባት ደግሞ ጠላት አልነበረም። እውነት ስለሆነ ራሷ ናት የተናገረችው። ዋሽታ ቢሆን ኖሮ ቀንዲሏ በማግስቱ ይሰቀልላት ነበር፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

አገራችን ፎገራ ነው፤ ከወረታ ወደ ጣና በኩል ወርዶ ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ። አባቴ እኔ ገና ሳልጠና በወባ ስለሞተ ቤቱንም ከብቱንም የያዘችው እናቴ ነበረች። እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥታ እሷ ላሞቿን ታልባለች፣ ቅቤዋን ወረታ ገበያ ታወጣለች። ባለጠጋ የሚባል ቤት ባይሆንም የሰው ፊት አናይም ነበር።

ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ዓይኔ ታመመ። ጠዋት ስነሳ ሽፋሽፍቶቼ ተጣብቀው አልላቀቅ ይላሉ፤ እናቴ ለብ ባለ ውሃ እያራሰች ታላቅቃቸዋለች። ቀን ቀን ብርሃኑ ስለሚወጋኝ ነጠላ ተከናንቤ ጓዳ እውላለሁ። እየቆየ ጭራሽ የሰው ጥላ ብቻ ሆነ የሚታየኝ። ጎረቤቶቻችን እኔው ባለሁበት «ይችን ይዛ ልትቀር ነው» እያሉ ለእናቴ ያዝኑላት ጀመር። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ እንዳልታመመ የረሱት ይመስለኛል።

እናቴ የተሳለችው ያን ጊዜ ነው። ደብራችን ማርያም ናት። አጥሩ ሥር ተንበርክካ ያለችውን ከአጠገቧ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። «እመቤቴ፣ የዚችን ልጅ ዓይን አብሪልኝ፤ እኔም ቤትሽን አበራለሁ። ጎንደር እንዳየሁት ያለ ቀንዲል አስገባለሁ» አለች። ሰው የሚሳለው ጧፍ ነው፣ ዣንጥላ ነው፣ መጋረጃ ነው። እሷ ግን አንድ ጊዜ ለንግሥ ጎንደር ሄዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የተንጠለጠለ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው፣ ፈርጡ እንደ ጤዛ የሚያበራ የሻማ ቀንዲል አይታ ኖሯል። ባፏ የመጣላት እሱ ሆነ። ስለት ደግሞ ካፍ ከወጣ አይሸራረፍም። የተሳለው ሰው ስለቱን ካላስገባ የተሰጠው ተመልሶ ይወሰድበታል ይባላል፤ እናቴም ይህን ሳትጠራጠር ታምን ነበር።

ዓይኔ ዳነ። ጠበሉ ይሁን ከወረታ ሐኪም ቤት የተሰጠን ቅባት መፍረድ አልችልም፤ እናቴ ግን ማን እንዳዳነኝ ጥርጥር አልነበራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታልመው ቀንዲሉን ነው። አሰባስባ እስክትበቃ ዓመታት ፈጀባት። በመጨረሻም ከመንጋዋ ምርጧን ላም ከነጥጃዋ ሸጠች። የፎገራን ላም የሚያውቅ ሰው ምን እንደሸጠች ይገባዋል፤ ለማያውቅ ባስረዳው አይገባውም። ወረታ መገንጠያው ላይ የጭነት መኪና ጠብቀን ጎንደር ሄድን። እኔን ያስከተለችኝ «የዳነው ዓይን ይምረጥ» ብላ ነው።

ፒያሳ መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ያሳየን ቀንዲል ከሩቅ ሲያዩት ዓይን ይስባል። እናቴ ግን የቅቤ ገበያ ሰው ናት። ወረታ ላይ ቅቤ የሚገዛ ሰው ላዩን አይቶ አይገዛም፤ ስንጥር እስከ ሥሩ ሰክቶ፣ አውጥቶ ያሸታል፤ ውስጡን ድንች አድርጎ ላዩን ቅቤ የሚለብጥ ሞልቷልና። ባለሱቁን የዚህ ስንጥሩ ምንድን ነው፣ እውነተኛነቱን በምን አውቃለሁ ብላ ጠየቀችው። ሳቀባት። ነጠላዋን አስተካክላ እጄን ይዛ ወጣች።

ሁለተኛው ሱቅ የአንድ ሽማግሌ አርመን ነበር። እሱ አልሳቀም። ከሁለት ቀንዲሎች አንዳንድ ፈርጥ ፈትቶ በግራና በቀኝ እጇ አስያዛት። መጠናቸው እኩል ነው፤ ያንደኛው ክብደት ግን እጇን ዝቅ አደረገው። በጥፍሩ መታቸው። ቀላሉ ጠቅ ብሎ ዝም አለ፤ ከባዱ እንደ ቃጭል ጮኾ ድምፁ ቆየ። የቀላሉን ጎን በጣቷ አስዳሰሳት፤ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተጋጠመበት መስመር አለው። የከባዱ ጠርዝ በእጅ የተሞረደ ስለሆነ ስል ነው። መጨረሻ ላይ ከባዱን ይዞ በር ላይ ወጣና ለፀሐይ ሰጠው፤ ግድግዳው ላይ ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተጋደመ። እናቴ «የማርያም መቀነት» ብላ እጇን ዘረጋች። ከዝናብ በኋላ ሰማይ ላይ የሚወጣውን እኛ በዚህ ስም ነው የምንጠራው።

እንግዲህ ይኼኛው ለምን ከበደ ብላ የጠየቀችው እሷው ናት። ሰውዬውም አልደበቃትም። «ክሪስታል የሚባለው ሲቀልጥ እርሳስ የሚጨመርበት ነው። የሚያስከብደውም፣ ብርሃኑን እንዲህ የሚበትነውም እርሳሱ ነው። እርሳስ የሌለው ተራ ብርጭቆ ነው» አላት። እናቴ እርሳስ ሲላት ደንግጣ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ደጋግማ አስነገረችው። ከዚያ ግን እጇ የነገራትን አመነች። ስለ ዋጋው አላወራም። ለእግዜር የተሰጠን ነገር ሰው ፊት መቁጠር እሷም አትወድም ነበር።

ቀንዲሉ ተፈታቶ በሣጥን ውስጥ ጭድ ተደርጎበት ወረታ ደረሰ። ከወረታ ወዲያ መኪና የለም። በበቅሎ ቢጫን ይሰበራል ተባለና የአገራችን ጎበዛዝት ቃሬዛ ይዘው መጡ። በሽተኛ በሚሸከሙበት ቃሬዛ፣ በጋቢ ተሸፍኖ፣ አራት ሰው ተሸክሞት እናቴ ከኋላ እየተከተለች ሜዳውን ስናቋርጥ መንገደኛው ሁሉ ከበቅሎው እየወረደ «እግዜር ይማርልሽ» ይላታል። እሷም መጀመሪያ መጀመሪያ የያዘችው መብራት መሆኑን ታስረዳ ነበር። እየደከማት ሲመጣ «አሜን» ብላ ማለፍ ጀመረች። ተሸካሚዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ቃሬዛው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ደግሞ ፈርጡ ይሰበራል ብላ ትቆጣቸዋለች። በሕይወቴ እናቴን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

አሁን ወደ ንዴቱ ልምጣ።

ስለት ሲገባ የሚረከቡት ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ካህን። እሳቸውና የአገሩ ሽማግሎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሣጥኑን አስከፈቱ። ቀንዲል ከዚያ በፊት አጥቢያችን ገብቶ ስለማያውቅ ይመርምርልን ብለው ከይፋግ አንድ አንጥረኛ አስጠርተዋል። እስከዚህ ድረስ አልቃወምም። የሚቀበሉትን መመርመር ደግ ነው፤ እናቴም መርምራ ነው የገዛችው።

ነገር ግን አገራችን የከበረ ዕቃ ብሎ የሚያውቀው ብርን ነው። መስቀሉ ብር፣ የሴቱ ጌጥ ብር፣ ሽማግሎቹ በሸክላ ውስጥ የቀበሩት ጠገራም ብር። የሐሰት ብር ደግሞ የሚሠራው እርሳስ እየተቀላቀለበት ነው። ጠገራ የሚቀበል ሰው ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ያዳምጣል፤ እርሳስ የገባበት ድምፁ ድፍን ይላል፣ ሲያሹት እጅ ያጠቁራል። ለእነሱ እርሳስ ማለት ማታለያ ነው፤ ከዚህ ሌላ ሥራ ያለው አይመስላቸውም። ይህን አለማወቃቸውን ይቅር እላለሁ። ይቅር የማልለው የቀጠለውን ነው።

ቄሰ ገበዙ እናቴን አስቆሙና ጠየቋት። «ልጄ፣ እመቤታችን ፊት ነሽ። ይኸ ያመጣሽው ንጹሕ ነው ወይስ ባዕድ ተቀላቅሎበታል?»

እናቴ የመዋሸት ችሎታ አልነበራትም። «እርሳስ አለበት፣ አባቴ። የሸጠልኝ ሰው ራሱ ነግሮኛል። ግን ለዚህ ዓይነቱ ደግነቱ እርሳሱ ነው ብሎኛል» አለች።

ከ«ግን» ወዲያ ያለውን የሰማላት የለም። ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንጥረኛው ፈርጡን አንስቶ መዘነ፣ አሸው፣ በጥፍሩ መታው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። «እኔ የብር ሰው ነኝ» አለ። «ብር ላይ እርሳስ ኸገባ ሐሰት ነው፤ ድምፁን ይገድለዋል። ይኸ ግን ይጮኻል። ብርጭቆ አላውቅም፤ የሚያውቅ ጠይቁ።» ሰውዬው ልኩን ተናግሮ ተቀመጠ። እነሱ ከአፉ የወሰዱለት ግን «እርሳስ ከገባ ሐሰት ነው» የምትለዋን ብቻ ነው። የሚያውቅ ጠይቁ ያለው ንፋስ ወሰደው። ለመጠየቅ ጎንደር ሩቅ አልነበረም፤ ለዳኝነት ሲሆን በየወሩ ይመላለሱበታል።

ቄሰ ገበዙ የእመቤታችን ቤት በእርሳስ አይበራም ብለው ፈረዱ። እናቴ እንግዲያው መልሱልኝና አንበሳሜ በኩል ላለ ሌላ ደብር ልስጠው ብላ ለመነች። አንዴ ደጀ ሰላም የገባ ዕቃ አይወጣም አሏት። አይሰቀልም፣ አይመለስም፤ ዕቃ ቤት ይቆይ። ለስለቱ ደግሞ ዣንጥላ ታስገባ ተባለ። ሐሰተኛ ከሆነ ለምን ያስቀምጡታል ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ አልነበረም። እናቴ ዣንጥላውን ገዝታ አስገባች፤ ለሥርዓቱ እልል ተባለላት። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ቀስ ብላ «የተሳልኩት ዣንጥላ አይደለም» አለችኝና ቆም ብላ ዓይኔን አየችው። ያ አስተያየቷ ከዚያ በኋላ ለቆኝ አያውቅም።

አገሩ የሚያውቀውን ነገር እኔ ቆይቼ ነው የሰማሁት። የአካባቢያችን ባላባት ፊታውራሪው ለዚሁ ደብር ቀንዲል አመጣለሁ ብለው ለቄሰ ገበዙ ቃል ገብተው ነበር። ከቅኔ ማህሌቱ መካከል ቀንዲል የሚሸከም ጠንካራ ሠረገላ፣ ጣሪያ ሥር የሚጋደመው ወፍራም እንጨት፣ አንድ ብቻ ነው። የአንዲት ቅቤ ነጋዴ ባልቴት መብራት እዚያ ላይ ከተሰቀለ የፊታውራሪው የት ይሰቀል። እርሳሱ ለሽማግሎቹ እውነተኛ ስሕተት ነበር፤ ለቄሰ ገበዙ ግን የወረደላቸው መና ሆነ።

በዓመቱ የፊታውራሪው ቀንዲል ከአዲስ አበባ መጣ። ደወል ተደወለ፣ ሰንጋ ታረደ። የሚያበራው ፈርጡ ብዙ ነው፣ ቅርንጫፉም ብዙ። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል፤ ሻማ የሚተከልበት የለውም። አምፖል የሚገባበት የኤሌክትሪክ ቀንዲል ነው። ፎገራ ውስጥ ያኔ አምፖል ቀርቶ ስሙም አልደረሰም ነበር። አንጥረኛም አልተጠራ፣ ሽማግሌም አልተቀመጠ፤ ፊታውራሪው ያመጡት ይመዘናል እንዴ። ከመካከሉ ሠረገላ ላይ ሰቀሉት። ጨለማ ሆኖ እዚያ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሰውም አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አደነቀው።

በመጀመሪያው የማርያም በዓል ካህናቱ መብራት ሆኖ እንዴት ሳይበራ ብለው አምፖሉ በሚገባበት ጉሮሮ ጧፍ ሰኩበት። ገና ኪዳን ሳያልቅ መጥፎ ሽታ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ያኔ ኮንጎ የምንለው የፕላስቲክ ጫማ መግባት ጀምሮ ነበርና እሳት ውስጥ የወደቀ ኮንጎ ምን ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። በሴቶች በኩል ቆሜ ቀና ስል ፈርጦቹ እየተጣመሙ አንዱ ሲንጠባጠብ አየሁት። ዲያቆኑ ተንጠራርቶ ጧፉን አጠፋው። ቄሰ ገበዙ ወደ ላይ አዩ፣ ቀጥሎ ወደ ፊታውራሪው አዩ፣ ቀጥሎ ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ አፍንጫውን ይዞ ወጣና ደጅ ላይ ስለ ዝናቡ አወራ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። የእሷው ብርጭቆ ዕቃ ቤት ጭድ ውስጥ ተቀብሮ እንዳለ የሚያስታውስ እንኳ ያለ አይመስልም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ የማውቀው ንጋት ሲጠራ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ አገር ነው።

እናቴ በየዓመቱ በአስተርእዮ ማርያም በዓል ከቄሰ ገበዙ ፊት ቆማ ስለቷን ትጠይቅ ነበር። መልሱ በየዓመቱ «ይታያል» ነው። በመሃል እኔ ትንሽ ዓይኔ ከቀላ፣ አቧራ ገብቶብኝ ካሸሁት፣ ቤታችን ለቅሶ ቤት ይሆናል። ፊቴን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ታዞረኛለች፣ ስንት ጣት ነው ትለኛለች። ወረታ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ቀጥሎ ጎንደር ሄጄ የረዳት ነርስነት ትምህርት ተምሬ፣ እዚያው ሐኪም ቤት ሥራ ይዤ እንኳ፣ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የምትስመው ዓይኖቼን ነው። ሰላም መሆናቸውን ለማረጋገጥ እንጂ ለናፍቆት ብቻ አይደለም።

አንድ ክረምት ወጥቶ ስመጣ ልትስመኝ ብላ አፍንጫዬን ሳመችው። ቀና አድርጌ ሳያት ሁለቱም ብሌኖቿ ነጭ ለብሰዋል። ሞራ ነው፤ በየሳምንቱ የማየው፣ እኔ በምሠራበት ሐኪም ቤት ሐኪሙ የሚገፍፈው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላት ቆየ አለችኝ። በነጋታው ጎንደር እንሂድ አልኳት። አይሆንም አለች። ፈርታ መስሎኝ ሕመም እንደሌለው፣ ብዙ ሰው ድኖ እንደሄደ አስረዳኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦

«ስለቴ አልገባም፣ ልጄ። እመቤቴ ካንቺ መውሰድ ሲገባት የኔን ወሰደች። እኔ የኔን ባስመልስ ያንቺን ትጠይቃለች። እንዲሁ እንሁን።»

ተከራከርኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ዓይኗን ደስ ብሏት እንደምትሰጠኝ ነበር የምትናገረው፤ ያ ነው ያቃጠለኝ። ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለት ጊዜ ባዶዬን ተመለስኩ። በሦስተኛው ስመጣ ቀኙን ዓይኗን እየወጋ ያማታል። ሞራ ሲቆይ ዓይኑን ከውስጥ አስጨንቆ እንደሚገድለው ተምሬያለሁና ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድኩ።

ደጀ ሰላም ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ጎንደር የአርመኑ ሱቅ ተመልሼ ገብቼ የሰማሁትን፣ እርሳስ የሌለው ነው ተራው እንጂ ያለው እውነተኛው መሆኑን ነገርኳቸው። ተራ ብርጭቆና የክሪስታል ፈርጥም ይዤ ነበር፤ ሁለቱን በጥፍሬ እየመታሁ ድምፃቸውን አሰማኋቸው። አልተገረሙም። ፊታውራሪው ያመጡት የቀለጠ ቀን ሁሉም ገብቶኛል አሉኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። ፊታውራሪው በሕይወት እያሉ እንዴት ብዬ፣ ደብሩ የሚተዳደረው በመሬታቸው ነው አሉ። ፊታውራሪው እኮ ካረፉ ዓመት አለፋቸው አልኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ አሉኝ። ሰውዬው በሕይወት ሳሉ ይፈሯቸው ነበር፤ ሲሞቱ ደግሞ አዘኑላቸው። እናቴን መፍራትም ለእሷ ማዘንም ግን ለማንም አልመጣለትም።

የካህን ፊት ላይ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። ቀንዲሉን ይስቀሉ አልልዎትም፣ ይቅርታም አልፈልግም፣ እቤት መጥተው ስለትሽ ገብቷል ብለው ይንገሯት፤ እናቴ በዚች ቃል ምክንያት ነው እየታወረች ያለችው አልኳቸው። ይህንስ እንደማያውቁ ከፊታቸው ተረዳሁ። መስቀላቸውን ጨብጠው ተነሡና ከኋላዬ መጡ።

እናቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ልትነሣ ተንደፋደፈች። አስቀመጧትና ስለትሽ ገብቷል፣ ልጄ አሏት።

«መቼ፣ አባቴ?» አለች።

«ያመጣሽው ዕለት። እኛ ነን ያልተቀበልንሽ፤ እሷ ያኔውኑ ተቀብላሻለች።»

ይህን ለማለት የጠፋባቸው ምን ነበር። ሰንጋ አያሳርድ፣ ሠረገላ አይጠይቅ፣ ፊታውራሪውን አያስቆጣ። ጆሮዋ ሥር አንድ ጊዜ ሹክ ቢሏት ይበቃ ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞራ መኪናው ወረታ ላይ በስንት ሰዓት ነው የሚገኘው አለችኝ።

ግራ ዓይኗ ዳነ። ቀኙን ሐኪሙ፣ አማርኛ የማያውቅ የውጭ አገር ሰው፣ መርምሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን አለ። እኔ ተርጓሚው ሆኜ የነገርኳት ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ዛሬም አስታውሰዋለሁ። አላለቀሰችም። በዳነው ዓይኗ የኔን ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና «እነዚህ ደኅና ናቸው?» አለች። ደኅና ናቸው አልኳት።

በዚያው ዓመት ለአስተርእዮ ማርያም በዓል ቀንዲሏን ሰቀሉት። የቀለጠውን አውርደው ከመካከሉ ሠረገላ ላይ አደረጉት፣ ሻማውን ሁሉ አበሩት። ስለ ብርሃኑ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። ቄሰ ገበዙ ታቦቱ ቆሞ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ወጡና ተአምር ልንገራችሁ አሉ። ይህች ሴት ቀንዲል ተሳለች፣ እመቤታችን ስለቷን ተቀበለች፣ ይኸው የጠፋ ዓይኗን መለሰችላት ብለው እናቴን እንድትመሰክር ወደ ፊት ጠሯት። ሴቶቹ ለእልልታ ተዘጋጁ። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ፤ ያን ሁሉ ዓመት አንገላተዋት የዳነ ዓይኗን ደግሞ ለደብሩ ዝና ሊያውሉት። እናቴ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ አሜን ብላ ትመለሳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

እናቴ ወጣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገለጥ አድርጋ ቀና አለች።

«እመቤቴ የሰጠችኝን አልክድም» አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም፣ ግን እስከ አጥሩ ተሰማ። «በዚህኛው ይኸው አያችኋለሁ። ይኼኛውን ግን እሷ አልወሰደችውም። ስለትሽ ገብቷል የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ነው የሞተው። እሱ የናንተ ነው፤ በሷ አታሳብቡ።»

እልል ያለ አልነበረም። ሽማግሎቹ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ቦታ ሆነው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር፤ ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ከደረታቸው ላይ አላነሱም። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። እጇን ልይዛት ተከትዬ ሄድኩ። ትታኝ ፊት ፊት እየሄደች «ተይኝ፣ ይታየኛል» አለችኝ።